ባትሪውን በ12፣ በ24 ወይስ በ48 ቮልት ላስር? (መብራት ላልደረሰበት የገጠር ቤት)

የመንዝ ልጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እናትና አባቴ መንዝ ናቸው፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ያለ ቀበሌ። መስመር አልደረሰላቸውም፣ መቼ እንደሚደርስም አይታወቅም። እስካሁን በትንሿ የሶላር ፋኖስ ነው የሚያመሹት። ዘንድሮ ከወንድሞቼ ጋር አዋጥተን ደህና ሶላር እናስገባላቸው ብለን ተነስተናል።

ገንዘቡ ተገኘ፣ ችግሩ ምርጫው ነው። መርካቶ ሱቅ በገባሁ ቁጥር ሌላ ነገር እሰማለሁ። አንዱ «12 ይበቃሃል፣ ምን ያጨናንቅሃል» ይለኛል። ቀጥሎ ያለው በ24 ይምላል። ሌላው ደግሞ «አሁን ሁሉም 48 ነው» ብሎ የሊትየም ባትሪውን ከካርቶን ያወጣልኛል። ሁሉም ዕቃውን ነው የሚያሻሽጠው፣ ምክንያቱን የሚነግረኝ አጣሁ።

የሚሠራው ዕቃ፦ 8 አምፖል ባለ 9 ዋት፣ ባለ 32 ኢንች ቲቪ ከነሪሲቨሩ፣ አንድ ትንሽ ፍሪጅ፣ የሞባይል ቻርጅ (የጎረቤቱም ስለሚመጣ በዛ አድርጋችሁ አስቡት)፣ ታናሽ ወንድሜ ፀጉር የሚቆርጥበት ማሽን፣ ለጉድጓዱ ደግሞ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ። ፓኔሉ ቆርቆሮው ላይ ይወጣል፣ ባትሪው ጓዳ ይቀመጣል፣ ሽቦው በመካከል 12 ሜትር ያህል ይሄዳል። መኪና ቤቱ ድረስ አይገባም፣ የመጨረሻውን መንገድ በአህያ ነው የምናደርሰው።

የትኛው ቮልት? ለምንስ?

ሽቦ ሠሪው

ሰላም ወንድሜ። ዝርዝሩን መጻፍህ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው «ለቤት የሚሆን ሶላር» ብሎ ብቻ ይጠይቃል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። ቮልት ስለጨመርክ የምታገኘው ጉልበት አይጨምርም። አራት ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ ካለህ፣ በ12 ብታስራቸውም በ24 ብታስራቸውም በ48 ብታስራቸውም ያው 9.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የሚለየው በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኩረንት ነው።

ያንተን ዕቃ ብደምረው ፓምፑ ሲሠራ፣ ፍሪጁ ሲነሳ፣ ቲቪና አምፖሉ ሲበራ ወደ 800 ዋት ይሆናል። መጠባበቂያ ጨምረን 1000 እንበል። ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው ዕቃ) የሚያባክነውን ጨምረህ በ12 ቮልት ከባትሪው 93 አምፒር ይሳባል። በ24 46 ይሆናል፣ በ48 23።

አሁን ብዙ ሰው የሚገዛውን 16 ካሬ ሚሊ ኬብል ውሰድ። ከባትሪ እስከ ኢንቨርተር 2 ሜትር ሄዶ 2 ሜትር ሲመለስ በ12 ቮልት ወደ 40 ዋት እዚያው ኬብሉ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በ24 ግን 10 ዋት ብቻ ነው፣ በ48 ደግሞ 2.5። ኩረንቱ በግማሽ ሲቀንስ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ይሄም ቢሆን ያስኬድ ነበር፣ ጉድ የሚያፈላው ፓምፑ ነው። ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሠራ 550 ዋት አካባቢ ይወስዳል፣ ሲነሳ ግን ለቅጽበት 2000 ያልፋል። በ12 ቮልት ያ ከ200 አምፒር በላይ ነው። ኬብሉ ብቻውን ወደ 1 ቮልት ይበላል፣ ባትሪውም ራሱ ይወርዳል፣ ኢንቨርተሩ 10.5 ቮልት አካባቢ ሲያይ ይጮህና ያጠፋዋል። ከዚያ ሰው «ባትሪው ሞተ» ብሎ አዲስ ይገዛል፣ ባትሪው ግን ምንም አልሆነ።

ስለዚህ ላንተ 12 አይሆንም። እኔ 24 እላለሁ። 48ን ለምን እንደተውኩት ጥያቄ ካለ እመለሳለሁ።

ባጃጅ ሰፈር

12ን እንዲህ አታጣጥሉት እንጂ። ፍሪጁንና ፓምፑን አውጣቸውና ምን ቀረ? አምፖል፣ ቲቪ፣ ሞባይል። ይሄ ሁሉ ለ12 ቮልት የተሠራው ዓይነት ከተገዛ ቀጥታ ይሠራል፣ ኢንቨርተር እንኳ አያስፈልግም። የ12 ቮልት አምፖል፣ ፊውዝ፣ ሶኬት ትንሽ ከተማ ውስጥም ታገኛለህ፣ ባጃጁም አውቶሞቢሉም በእሱ ነው የሚሄደው። ኢንቨርተር ደግሞ ምንም ሳይሠራ ዝም ብሎ በርቶ ይበላል፣ ያንን ማንም አይነግርህም።

የኔ ቤት ከ300 ዋት አይበልጥም፣ በ12 ነው፣ ምንም አላጣሁም።

ሽቦ ሠሪው

@ባጃጅ ሰፈር ለ300 ዋት ትክክል ነህ፣ እኔም ያንኑ እመክር ነበር። ኢንቨርተሩ ስለሚበላውም እውነት ነው። 25 ዋት ዝም ብሎ ቢወስድ በ24 ሰዓት 600 ዋት ሰዓት ነው፣ የዚህ ልጅ አምፖሎች ሁሉ ሲያመሹ ከሚበሉት ይበልጣል። ግን ፍሪጅና ፓምፕ አውጣ ማለት ቤተሰቡ የጠየቀውን ትቶ ሌላ ነገር መስጠት ነው።

ጡረተኛው ቴክኒሻን

ልጆች እንደምን አላችሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከቴሌኮም ባትሪ ጋር ነው። የስልክ ማዕከል በ48 ቮልት ነው የሚሠራው፣ ከጥንት ጀምሮ። ባለ 2 ቮልት 24 ሴል በተርታ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጋቲቭ፣ ቮልቱ እየተደመረ) ይታሰራል፣ ፖዘቲቩ ከመሬት ጋር ይገናኛል። ለምን 48 ተመረጠ? ኩረንቱ ያንሳል፣ ኬብሉ ይቀጥናል፣ ግን ሰውን ለክፉ የማይሰጥ ቮልት ነው። ከዚያ በላይ ሲሄድ ሌላ ጥንቃቄ ይመጣል።

ቻርጅ ኮንትሮለሩንም፣ ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጣጠረውን፣ አትርሱት። ባለ 60 አምፒር ኮንትሮለር በ12 ቮልት ባትሪ 800 ዋት አካባቢ ፓኔል ብቻ ነው የሚያስተናግደው። ያው ዕቃ በ24 ከ1600 ያልፋል፣ በ48 ከ3200 በላይ ይወስዳል። ነገ ቤቱ ሲያድግ፣ ልጆቹ ሲጨመሩ፣ 24 ያስገባ ሰው ኢንቨርተሩን ሊጥል ነው። ኢንቨርተር እንደ ኮንትሮለር ራሱ ቮልቱን አይቶ አይቀያይርም፣ የ24 የተባለ የ24 ነው። አንዴ ከወጣህ በደንብ አውጣ፣ 48 አስገባ ልጄ።

ሽቦ ሠሪው

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ በተለይ የኮንትሮለሩ ነገር። 3000 ዋት ከሚያልፍ ቤት ጋር እኔም 48 እንጂ ሌላ አላነሳም። እዚህ ላይ የምለይዎት በቦታው ምክንያት ነው።

ልጁ አሲድ ወይም ጄል ባትሪ ከገዛ፣ አራቱን በ48 ሲያስር አራቱም በአንድ መስመር ናቸው። አንዱ ሴሉ ከተበላሸ ቤቱ ይጨልማል። ተመሳሳይ ባትሪ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወላጆቹ ወደ ፋኖሳቸው ይመለሳሉ፣ አዲሱም ቢመጣ ከሦስት አሮጌ ጋር ሲታሰር ተስማምቶ አይሠራም። በ24 ግን ሁለት ሁለቱ በተርታ ታስረው ሁለቱ ጥንዶች ጎን ለጎን (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ፣ ቮልቱ ሳይጨምር) ይገናኛሉ። አንዱ ከሞተ ያንን ጥንድ ፈትቶ ማውጣት ነው፣ ቤቱ በግማሽ ባትሪ ይቀጥላል። ይሄንን ወንድምየው በአንድ ቁልፍ ሊሠራው ይችላል፣ በስልክ እየነገርነው።

የቴሌ ጣቢያ መጠባበቂያውም ጠባቂውም ነበረው። እዚያ ቤት ግን ማንም የለም።

ጎን ለጎን ሲገናኙ ግን አደራ፣ ፖዘቲቩን ከአንዱ ጥንድ፣ ኔጋቲቩን ከሌላው ጥንድ ውሰድ፣ ማገናኛ ኬብሎቹም እኩል ርዝመት ይሁኑ። ሁለቱንም ከአንዱ ወገን ከወሰድክ ቅርብ ያለው ጥንድ ሥራውን ሁሉ ይሸከምና ቶሎ ያረጃል።

ማህደር ከሲልቨር ስፕሪንግ

ለዘመድ ዕቃ ለምትልኩ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም እዚህ ሰው ሁሉ ቅናሽ ሲያይ ይገዛል። ከአሜሪካ ኢንቨርተር አትላኩ። የዚህ አገር ኢንቨርተር 120 ቮልት በ60 ኸርዝ ነው የሚያወጣው፣ እኛ ጋ 220 በ50 ነው። 240 የሚሰጠውም ቢሆን 60 ኸርዝ ስለሆነ የፓምፕና የፍሪጅ ሞተር አይስማማውም።

ሊትየም ባትሪም በሻንጣ ይዤ እሄዳለሁ ብላችሁ አታስቡ። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም፣ የቤት ሶላር ባትሪ ደግሞ ትንሹም ከዚያ በብዙ ያልፋል። ከባትሪ ወዲህ ያለው ዕቃ ግን የትም አገር አንድ ነው፦ ቻርጅ ኮንትሮለር፣ የዲሲ (የባትሪና የፓኔል ኩረንት) ፊውዝ፣ ባትሪ መለኪያ፣ የኬብል ተርሚናል መጨመቂያው። እሱን አምጡ፣ ቀላልም ነው። ኮንትሮለር ስትገዙ 48ንም የሚቀበል ከሆነ ጋሼ ያሉት የነገ ጭንቀት በከፊል ይቀላል።

የመንዝ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼን በተለይ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ይሄን ሳወራ እናቴ ሰምታ «ምጣዱንስ ይችላል?» አለችኝ። ጭሱ ዓይኗን ጨርሶታል፣ እምቢ ማለት ከበደኝ። ሁለተኛ፣ አሲድ ባትሪ ይሻላል ወይስ ሊትየም? የዋጋው ልዩነት ያስፈራል።

ሽቦ ሠሪው

የእናትህ ጥያቄ ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ነው። ለ12 አታስበው፣ ከ300 አምፒር በላይ ነው፣ እሱ የብየዳ ማሽን ነው እንጂ ቤት አይደለም። በ24 ወደ 150 አምፒር፣ የ48 በሚባለው ባለ 51.2 ሊትየም ደግሞ 76። ስለዚህ ምጣድ ካለ መልሴ 48 ነው፣ ጋሼ አሸነፉ።

ግን አስበው። አንድ ሰዓት ሲጋገር እስከ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ሊሄድ ይችላል፣ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ከሚበላው ሁሉ ይበልጣል። 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር፣ እጥፍ ፓኔል፣ ትልቅ ሊትየም ባትሪ ያስፈልጋል፣ ያም ሆኖ መጋገር ያለበት ፀሐይ ሲጠነክር ነው፣ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ሲወርድ ደግሞ እሱም የለም። የወጪው ትልቁ ክፍል ለአንድ ዕቃ ብቻ ሊሄድ ነው። እኔ ብሆን ለእናቴ ምርጥ ምድጃ ከጭስ መውጫው ጋር በደንብ አስገነባላት ነበር፣ ማገዶውም ይቀንሳል ጭሱም ከቤት ይወጣል፣ ሶላሩን ለተጻፈው ዕቃ ብቻ እተወዋለሁ።

ያለ ምጣድ የቀን ፍጆታህን እንዲህ አየሁት፦ አምፖል 360 ዋት ሰዓት፣ ቲቪ 325፣ ፍሪጅ 1000፣ ሞባይል 150፣ ፓምፕ ለአንድ ሰዓት 550፣ ኢንቨርተሩ ራሱ 600። 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ።

አሲድ ባትሪ ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀምበት፣ ከዚያ በታች እየወረደ ከከረመ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ አራት ባለ 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ 9.6 ቢሉህም ላንተ 4.8 ነው። የ24 የሚባለው ባለ 25.6 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ሊትየም 5.12 ነው፣ 80 እና 90 በመቶውን ትጠቀምበታለህ። አህያህንም አስብ፣ አንዱ አሲድ ባትሪ 60 ኪሎ ይጠጋል፣ አራቱ ወደ 240 ኪሎ። ሊትየሙ 50 ኪሎ አካባቢ ነው፣ አንዲት አህያ ትወስደዋለች። ዋጋውን ስታነጻጽር አንዱን ካንዱ ሳይሆን አራቱን ካንዱ አነጻጽር። ከገዛህ ግን የጥንዱ ምክር እዚያ አይሠራም፣ አንድ ሳጥን ስለሆነ ከተበላሸ ሁሉም ነው፣ ስለዚህ ዋስትና የሚሰጥ ሻጭ ፈልግ።

ጡረተኛው ቴክኒሻን

ስለ ብርዱ ልጨምርበት። መንዝ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ አለ። ሊትየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም፣ ይጎዳል። ከቤቱ ውጪ፣ ከጣሪያው ክፋይ ስር እንዳታስቀምጡት። ጓዳው ጥሩ ነው፣ ከምድጃው ግን ራቅ ይበል። አሲድ ከሆነ ደግሞ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር ይኑረው፣ እሳት አጠገብ አይሁን። 24 ይሁን፣ ተሸንፌያለሁ፣ ምጣዱን ከተወው ማለቴ ነው።

ሲስተር ከአፋር

እኔ ሙያዬ ሌላ ነው፣ ግን በሠራሁባቸው ጤና ጣቢያዎች አንድ ነገር ደጋግሜ ስላየሁ ልናገር። ባትሪው በ24 ከታሰረ በኋላ የሆነ ሰው መጥቶ ለ12 ቮልት ሬዲዮ ወይም አምፖል ከሁለቱ ከአንደኛው ባትሪ ላይ ሽቦ ይጎትታል። መጀመሪያ ይሠራል። ቀስ በቀስ ግን የተጎተተበት ባትሪ ሁሌ ጎዶሎ ይሆናል፣ ያልተነካው ደግሞ ከሚገባው በላይ ይሞላል፣ በመጨረሻ ሁለቱም ይበላሻሉ። ቤት ያሉትን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ባጃጅ ሰፈር የጠቀሰው የ12 ቮልት ዕቃ ካለ የሲኖትራክ ሾፌሮች ለቴፕ የሚያስገቡት ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር አለ፣ እሱ ይግባለት። መኪናው 24 ስለሆነ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይገኛል።

የመንዝ ልጅ

እናቴን አሳምኛታለሁ፣ ምድጃው ይሠራላታል። 24 ቮልት ሊትየም ላይ ቆርጠናል። 2000 ዋት ንጹህ ሳይን ዌቭ (እንደ መስመር መብራት ያለ የሚሰጥ) ኢንቨርተር፣ 60 አምፒር ኤምፒፒቲ (የፓኔሉን ሙሉ ጉልበት የሚያወጣ ኮንትሮለር)፣ ሦስት ባለ 450 ዋት ፓኔል። ፓኔሉን ሦስቱንም በተርታ ላድርገው? ኮንትሮለሩ እስከ 150 ቮልት ይላል። ሻጩ ፒደብልዩኤም የሚባለው ቀላሉ ኮንትሮለርም ይበቃሃል ብሎኝ ነበር፣ ርካሽ ስለሆነ።

ሽቦ ሠሪው

ፒደብልዩኤሙን ተወው። እሱ ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልት ጎትቶ ያወርደዋል፣ 41 ቮልት የሚሠራ ፓኔል በ27 ሲሠራ ሲሶውን ጣልከው ማለት ነው።

በተርታ ስለማሰር የፓኔሉን ጀርባ ሳታነብ አትወስን። ብዙዎቹ ባለ 450 ፓኔሎች ሳይጫኑ 49 ቮልት ያወጣሉ። ሦስት ሲሆኑ 147፣ «ከ150 በታች ነው» ትላለህ። ግን ያ ቁጥር በ25 ዲግሪ የተለካ ነው። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል፣ በየዲግሪው 0.3 በመቶ ገደማ። መንዝ በታኅሣሥ ጠዋት፣ 5 ዲግሪ ላይ ፀሐይ ስትወጣ 155 አልፎ ኮንትሮለሩን ያቃጥለዋል። እንዲህ ያለ ፓኔል ከሆነ ወይ አራት ገዝተህ ሁለት ሁለት በተርታ አድርግ፣ ወይ ሦስቱንም ጎን ለጎን አገናኝና ወፍራም ሽቦ ግዛ። ጎን ለጎን ከሆነ ከ30 አምፒር በላይ ነው 12 ሜትር የሚሄደው፣ 6 ካሬ ሚሊ ሽቦ ላይ 80 ዋት ይቀራል።

ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር 35 ካሬ ሚሊ ኬብል አድርግ፣ በተቻለ መጠን አጭር። ፖዘቲቩ ላይ ከባትሪው አጠገብ 125 አምፒር የዲሲ ፊውዝ ይግባ፣ የባትሪው ወሰንም ቢያንስ ያንን የሚችል መሆኑን ጠይቅ። ለቤት መብራት የሚሸጠውን ብሬከር እዚያ እንዳታስገባ፣ ዲሲ ላይ ሲቆርጥ እሳቱን አያጠፋውም፣ ራሱ ይቃጠላል። ስትሠሩ ቁልፉን እጀታው ድረስ በናስትሮ ጠቅልሉት፣ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ። 24 ቮልት አይነዝርም ብሎ የሚዘናጋ ሰው ቁልፉ በሁለቱ ተርሚናል መሀል ሲወድቅ ነው የሚያውቀው።

የመንዝ ልጅ

ፓኔሉን አየሁት። 450 ዋት ነው፣ ግን ክፍት ቮልቱ (ሳይጫን ያለው) 39 ነው የሚለው፣ ሲሠራ 33። አዲሱ ዓይነት ነው አለኝ ሻጩ።

ሽቦ ሠሪው

እንግዲያው ዕድለኛ ነህ። ሦስቱ 117፣ በውርጭ ጠዋት ቢበዛ 127 አካባቢ። በተርታ እሰራቸው። ኩረንቱ ከ14 ስለማያልፍ 6 ካሬ ሚሊ ሽቦ ከበቂ በላይ ነው፣ ብክነቱ 15 ዋት እንኳ አይሞላም። ክረምት ላይ 3 ሰዓት ደህና ፀሐይ ብታገኝ 3 ኪሎዋት ሰዓት ታወጣለህ፣ ልክ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ዝናብ ስላለ ፓምፑ ብዙም አይነሳም። ቆርቆሮው ላይ ለአራተኛና ለአምስተኛ ፓኔል ቦታ ተው፣ ግን አራተኛውን እዚያው ተርታ ላይ እንዳትቀጥለው፣ 150ውን ያልፋል።

የኢንቨርተሩን ጀርባም ፎቶ አንስተህ ለጥፈው። ሲነሳ ለቅጽበት 4000 ይችላል ብለው ጽፈውበት እንደሆነ ልየው።